ዳኛውን የሚያቀርበው ማነው? (ከሞላሌ የመጡ አባት ጠይቀውኝ አፌን ያስያዙኝ)

ማመልከቻ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው እዚሁ ከተማ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት በርጩማ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ምን የማልጽፈው አለ።

ማክሰኞ በጠዋት ከሞላሌ የመጡ አንድ አባት ገቡ። ያን ቀን ውርጩ አይጣል ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፣ የሚታየኝ ዓይናቸው ብቻ ነው። ክርክራቸው ከወረዳው መሬት አስተዳደር ጋር ነው። ወረዳ ላይ ተረቱ፤ አሁን ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ሊሉ ነው። እኔ ስጽፍ እሳቸው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እነዚህን ዳኞች የሚሾማቸው ማነው?»

«የክልሉ ምክር ቤት ነው አባቴ።»

«ምክር ቤቱ ሰዎቹን ከየት ያመጣቸዋል? የሚያቀርብለት ማነው?»

«ርዕሰ መስተዳድሩ» አልኩ። ለመገላገል ያህል ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ትንሽ ዝም አሉ። «ወረዳውስ? የሱ አለቃ ማነው?»

«እሱም ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ነው።»

«አሃ! እንግዲህ የከሰስኩትም የሚፈርድልኝም ካንድ ቤት ነው የወጡት በለኛ!»

ምን ልበል? ወረቀቱን አትሜ ሰጠኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በትክክል ነው የመለስኩላቸው? የምታውቁ ንገሩኝ። ሐሙስ ይመለሳሉ።

ብርዱ ገደለኝ

ጠበቃ መሆን የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

አራተኛ ዓመት

ወንድም፣ ግማሹን አሳስተሃቸዋል። ሕግ ተማሪ ነኝ። ይሄ አንቀጽ ፈተና ላይ ወጥቶብን ስለነበር አልረሳውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 ሁለት በር አለው። ርዕሰ መስተዳድሩ የሚያቀርበው የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትና ምክትል ፕሬዝዳንት ብቻ ነው። ሌሎቹን ዳኞች፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ ወረዳ ድረስ፣ የሚያቀርበው የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። የሚሾመው በሁለቱም በኩል ምክር ቤቱ ነው። ፌዴራልም እንደዚሁ ነው። ሁለቱን የበላዮች ጠቅላይ ሚኒስትሩ በራሱ ያቀርባል። የሌሎቹን ዳኞች ስም ግን ጉባኤው መርጦ ይሰጠዋል፣ እሱ ለተወካዮች ምክር ቤት ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ የአባታችንን ይግባኝ የሚሰማውን ዳኛ ርዕሰ መስተዳድሩ አላቀረበውም። ጉባኤው ነው።

መንዜዋ

ጉባኤውን የሚሰበስበው ማነው ታዲያ?

አራተኛ ዓመት

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት።

መንዜዋ

ርዕሰ መስተዳድሩ ያቀረበው?

አራተኛ ዓመት

... አዎ።

ብርዱ ገደለኝ

አባትየው ረቱ። መዝገቡ ይዘጋ።

አራተኛ ዓመት

ቆይ፣ አይዘጋም! ሰብሳቢው አንድ ሰው ነው፣ ጉባኤው ብዙ። ደግሞ ዳኛ አንዴ ከገባ በኋላ እንደ ሌላው ተሿሚ በደብዳቤ አይነሳም። አንቀጽ 79ን አንብቡት። ጡረታው ሳይደርስ ከሥራ የሚነሳው በዲሲፕሊን፣ ጉልህ በሆነ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ፣ ወይም በሕመም ነው። እሱንም መጀመሪያ ጉባኤው ይወስናል፣ ከዚያ ምክር ቤቱ በድምፅ ያጸድቃል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ከመሾማቸው በፊት የፌዴራሉ ጉባኤ አስተያየት መጠየቅ አለበት። ምክንያቱም እነዚህ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳይም ደርበው ያያሉ። የደብረ ብርሃኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥራ ይሠራል፣ ባሕር ዳር ያለው ጠቅላይ ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛን። ያ አስተያየት በሦስት ወር ውስጥ ካልመጣ ግን የክልሉ ምክር ቤት ሳይጠብቅ መሾም ይችላል።

መንዜዋ

እኔ ሕግ አልተማርኩም፣ መሐል ሜዳ ሱቅ ነው ያለኝ። ግን የገባኝን ልበል። ወረዳ ላይ ለመፍረድ የሚወዳደር ልጅ ፈተና ይቀመጣል፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ማስረጃው ይታያል። የእህቴ ልጅ ተፈትኖ ስለወደቀ አውቃለሁ። የሁሉ የበላይ የሚሆነው ሰው ጋ ስንደርስ ግን አንድ ሰው «እገሌ ይሁን» ይላል፣ ምክር ቤቱ እጁን ያወጣል፣ ቃለ መሐላ። አይገርማችሁም? ለበረኛው ዋስ እየጠየቅን ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ አለመጠየቅ ነው የሆነብኝ።

አራተኛ ዓመት

እዚህ ላይ እስማማለሁ። ሕገ መንግሥቱ ለሁለቱ የበላዮች «መጀመሪያ ጉባኤው ያጣራቸው» አይልም። በጥር 2015 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትነት ሲለቁና አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ሲተኳቸው ሁሉም በአንድ ቀን ነው ያለቀው። እኔ የመልቀቂያውንም የሹመቱንም ዜና የሰማሁት አንድ ምሳ ላይ ነው። ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ሲሾሙም እንደዚያ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው ብለን ደስ አለን እንጂ ከነማን ጋር ተወዳድረው ነው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ሰዎቹ አይመጥኑም አላልኩም። የማወራው ስለ መንገዱ ነው።

የድሮ ወንበር

ልጆች፣ ስትከራከሩ ደስ ይለኛል። በሁለት ወረዳ ዳኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። የትና የት እንደሆነ ይቅር። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።

ሰው የሚመስለው አስተዳዳሪው ስልክ አንስቶ «እንዲህ ብለህ ፍረድ» ይላል ነው። እኔ በሠራሁበት ዘመን እንዲህ ያለ ስልክ አንድ ቀን አልተደወለልኝም። መደወልም አላስፈለጋቸውም። የምኖርበት ቤት የቀበሌ ነው። ትእዛዝ የምጽፍበት ወረቀት ከወረዳው ፋይናንስ በደብዳቤ ተለምኖ የሚመጣ ነው። የክርክሩን መሬት በዓይኔ ለማየት ልውጣ ብል መኪናው የአስተዳደሩ ነው። አንድ ጊዜ ከሳሹ ራሱ በቅሎ ጭኖ ደጄ ድረስ አመጣልኝ። «አይ ወዳጄ፣ በበቅሎህ ሄጄ በመሬትህ ልፈርድ?» ብዬ አራት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። አንድ ሰው በዋስ ለቀቅኩ። ክሱ አንድ የካቢኔ አባል ተሰደበ የሚል ነው። ዋስትና የሚያስከለክል ምንም የለበትም። ዋስ ጠርቶ ፈርሞ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ። «የሚኖሩበት ቤት ለሌላ ሥራ ስለሚፈለግ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያስረክቡ» ይላል። ማኅተሙ በደንብ አልያዘም ነበር፣ ግማሹ ደብዝዟል። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ማድ ቤቱ በር የሌለው ቤት ተከራየን፤ ክረምቱን በጆንያ ጋርደን አሳለፍነው።

ከዚያ በኋላ ዋስትና መፍቀድ ተውክ ወይ ብትሉኝ አልተውኩም። ግን አልዋሻችሁም። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር ያ ጆንያ ይመጣብኝ ነበር። ስለ ትልቁ ሹመት የምታወሩት ለኔ ሩቅ ነው። መጀመሪያ ለዳኛው ቤት ስጡት፣ ወረቀቱን ስጡት።

ማመልከቻ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ከውጭ ሆኜ ስንት ዓመት ስጽፍ ወረቀቱ ከየት እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም።

አወያይ

ክሩ ጥሩ እየሄደ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ አሁን በሥራ ላይ ያለ የአካባቢ ዳኛ ስም ጠርቶ መስደብ የለም። አንድ ምላሽ አንስቻለሁ። የመዝገብ ቁጥርም አትለጥፉ።

የአንኮበር ሰው

ዳኝነትማ ድሮ ቀረ! ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ተቋጥረው፣ ያለ ፖሊስ ያለ ካቴና፣ ተያይዘው ዳኛ ጋ ይሄዱ ነበር። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ የሚንቀሳቀስ የለም። መንገደኛው ሳይቀር ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። በላ ልበልሃ ሲባል እንዴት ያምር እንደነበር አያቴ ነግረውኛል። እነ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፈረዱበት አገር ነው ይሄ። አሁን ስለ ጉባኤና ስለ ሰብሳቢ ታወራላችሁ።

መንዜዋ

የአንኮበር ሰው፣ «አፈ ንጉሥ» የሚለውን ቃል እስቲ ቀስ ብለህ አንብበው።

የአንኮበር ሰው

ምን ይላል?

መንዜዋ

የንጉሥ አፍ ይላላ! የአገሩ ትልቁ ዳኛ ስሙ የንጉሥ አፍ ነበር። ማን እንደሾመው ጠይቆ መድከም የለም፣ ከስሙ ታየዋለህ።

አራተኛ ዓመት

ይሄን ወድጄዋለሁ። እንዲያውም አፈ ንጉሥ ነሲቡ በ1900 ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር የተባሉት እሳቸው ናቸው። ዳኛም ሚኒስትርም አንድ ሰው። ከሳቸው በላይ ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። የናንተው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም አንኮበርና አንጎለላ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ይፈርዱ ነበር። እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ዙፋን ችሎት የሚባለው ቀጥሏል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ ናቸው ይላል፤ ሿሚያቸው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ነጻ ነህ የሚልህም የሚሾምህም አንድ ሰው ነው።

የአንኮበር ሰው

እሺ፣ እሱስ ይሁን። ግን ቁራኛው፣ ያ ነጠላ ተቋጥሮ መሄዱ፣ እውነት ነው። ሰው ሕግ ይፈራ ነበር።

አረርቲ

ናይሮቢ ሦስት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። በሚያዝያ 2013 ያየሁትን ልንገራችሁ። ዋና ዳኛ ለመሆን ያመለከቱ ሰዎች አንድ በአንድ ኮሚሽን ፊት ተቀምጠው ይጠየቃሉ፣ በቴሌቪዥን በቀጥታ። የምሠራበት ጋራዥ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ሰው እንደ ኳስ ጨዋታ ነው የሚያየው። «ይሄን ፍርድ ለምን እንዲህ ፈረድክ?» ይሉታል ሰውየውን። ያልበዋል። ውሃ ይጠጣል። አንዱ መካኒክ «እኔን ለሥራ ሲቀጥሩኝ እንኳ እንዲህ አላፋጠጡኝም» አለኝ። በመጨረሻ ኮሚሽኑ ማርታ ኩሜን አቀረበ። ፓርላማው ተቀበለ፣ ፕሬዝዳንቱ ሾመ። የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳኛ ሆነች።

ያንን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታውቁታላችሁ፤ ነሐሴ 26 ቀን 2009 የፕሬዝዳንት ምርጫ የሰረዘው እሱ ነው። ሥልጣን ላይ ያለው ሰውዬ ያሸነፈበትን ምርጫ! እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜም አይመጣብኝ።

ፊቼም ሰሜን ሸዋ ነው

መጀመሪያ አንድ አቤቱታ፦ ሰሜን ሸዋ ስትሉ ደብረ ብርሃንን ብቻ አታስቡ፣ እኛም ሰሜን ሸዋ ነን! የኛን ዳኞች የሚሾመው ጨፌ፣ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ነው፤ መንገዱ ግን ያው የአንቀጽ 81 መንገድ ነው። ስለዚህ ክርክሩ የኛም ነው።

አረርቲ ያመጣው ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉውን ንገረን። እዚያው ኬንያ ኮሚሽኑ በ2011 ለ41 ዳኞች ሹመት ስም ላከ። ፕሬዝዳንቱ ሁለት ዓመት ገደማ ይዞት ቆየ። በኋላ 34ቱን ሾሞ ስድስቱን ተዋቸው (አንዱ በመሐል ሞቶ ነበር)። ፍርድ ቤት ሹማቸው ብሎትም እንኳ። እነሱን የሾማቸው ተከታዩ ፕሬዝዳንት ነው። ካሜራው ጥሩ ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ፊርማው የማን ነው የሚለውን አያስቀርም።

ሌላው፣ ሹመት ብቻውን ሰውን ያቆመዋል ብላችሁ አታስቡ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ያኔ ዳኛ እንጂ ፕሬዝዳንትም ምንም አልነበሩም። ግን በሙስና ተጠርጥሮ የታሰረው የቀድሞ መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ ይውጣ ብለው ወሰኑ። ሰውየው ሳይውል ሳያድር ተመልሶ ተያዘ። ሕጉም ተለውጦ በሙስና የተጠረጠረ ዋስትና እንዲከለከል ሆነ። ዳኛዋ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ትእዛዙን የሚፈጽመው እጅ ግን የሌላ ነው።

አረርቲ

ስለ ስድስቱ ልክ ነህ፣ ረስቼው ነው። ግን ልዩነቱን እይ። እዚያ ፕሬዝዳንቱ እምቢ ሲል ማንን እምቢ እንዳለ አገር ሁሉ ያውቃል። ስማቸው አስቀድሞ ወጥቷል። እዚህ የቀረው ሰው ማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

የድሮ ወንበር

ይሄ ነጥብ ነው።

ካሜራውን ግን እፈራዋለሁ። ጥሩ ዳኛ ሁሌ ጥሩ ተናጋሪ አይደለም። አብሮኝ የሠራ አንድ ዳኛ ነበር። ችሎት ላይ ሦስት ቃል አይናገርም። ፍርዱን ስታነበው ግን ይግባኝ የሚባልበት ቀዳዳ ታጣለህ። እሱን ቴሌቪዥን ፊት ብታስቀምጠው ተንተባትቦ ይወድቅ ነበር።

አራተኛ ዓመት

ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት ወደ ቤቱና ወደ ወረቀቱ ልመልስዎት። አንቀጽ 79 ስለ በጀትም ይናገራል። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጀቱን አዘጋጅቶ በቀጥታ ለተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ ያስወስናል። የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የክልሉ ምክር ቤት ይወስናል። ቅድም ያልኩት የፌዴራል ሥራ ደርበው ለሚሠሩት ለክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የፌዴራሉ ምክር ቤት ማካካሻ ይሰጣል።

እንግዲህ በጀቱን ይዞ ምክር ቤት ፊት የሚቆመው ማነው? ፕሬዝዳንቱ ነው። «ዳኞቼ የቀበሌ ቤት ተነጠቁ፣ ወረቀት እየለመኑ ነው የሚፈርዱ» ብሎ መጮህ ያለበት እሱ ነው። ካቀረበው ሰው ጋር ፊት ለፊት የሚያጋጨው ጩኸት ነው። ይጮሃል ወይስ ይለሳለሳል? የእርስዎ ጆንያ ከላይኛው ሹመት ጋር የሚገናኘው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ከ1997 ጀምሮ የፌዴራል ሰበር ችሎት (በመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት አለ ወይ ብሎ የሚያየው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ችሎት) ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ነው። የክልሉም ጭምር። ስድስት ኪሎ የተቀመጡ አምስት ሰዎች ስለ መሬት ውርስ አንድ ነገር ካሉ የሞላሌ ዳኛ ያንን መከተል አለበት። ስለዚህ ላይኛው ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ለአባታችን ሩቅ አይደለም።

ብርዱ ገደለኝ

ስድስት ኪሎ ነው እንዴ? እኔ የማውቀው ልደታን ነው።

አራተኛ ዓመት

ልደታ ያለው ሌላ ነው፣ አታምታታኝ። የሕንፃ ክርክር ሌላ ክር ላይ።

የድሮ ወንበር

ልጄ፣ በጀቱን ያልከውን አልክድም። በኔ ጊዜ ለፍርድ ቤቱ ኃላፊ ሦስት ጊዜ ጽፌለት ነበር። «በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል አንድ መልስ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበሩን የሰጠውን ሰው ማስቀየም አልፈለገም፣ ያ ነው። እንግዲህ ያንተን ክርክር ራሴው መሰከርኩልህ።

መንዜዋ

እኔ የምፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ሰው ራሱ መርጦ ራሱ አያቅርብ። ጉባኤው ሦስት አራት ሰው መርጦ ስማቸውን ያውጣ። እኛም እናንብብ። ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ይሁን ርዕሰ መስተዳድሩ ከነዚያ ውስጥ ይውሰድ። ይሄን ለማድረግ ሕገ መንግሥት መቀየር ግድ ነው?

አራተኛ ዓመት

እንደኔ ግድ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አቅራቢው ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ አቅራቢው ከማን ዝርዝር እንዳይወስድ አይከለክልም። ነገ ተነስቶ «ጉባኤው ስም ስጠኝ» ቢል የሚይዘው የለም። መምህሬ ግን አይስማማም። በልማድ የመጣ በልማድ ይሄዳል፣ በሕግ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም ይላል። ነጥብ ሳይቀንስብኝ በፊት እዚህ ላቁም።

ማመልከቻ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

ሐሙስ ሆነ፣ አባትየው መጡ። ያላችሁትን በቻልኩት መጠን ነገርኳቸው። ርዕሰ መስተዳድሩ የሚያቀርበው ሁለቱን ብቻ እንደሆነ፣ ሌሎቹን ጉባኤው እንደሚያቀርብ፣ ሰብሳቢው ማን እንደሆነ። ጋሼ ስለ ጆንያው የጻፉትንም ከስልኬ አነበብኩላቸው። እሱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «የሰው ልጅ» ብቻ አሉ።

ከዚያ ዳኛው ለማንም እንዳይታዘዝ የሚለው ቦታ የትኛው ነው አሉኝ። አንቀጽ 79ን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ ነው፣ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«በል አትምልኝ።»

«አባቴ፣ ዳኛው ያውቀዋል፣ አያስፈልግም።»

«እሱ ካወቀው ጥሩ። እኔም አውቄው ልግባ።»

አተምኩላቸው። ገንዘብ አልተቀበልኩም። አራት ቦታ አጥፈው ከደረሰኛቸው ጋር በላስቲክ ጠቀለሉት።

መንዜዋ

ቀጠሯቸው መቼ ነው?

ማመልከቻ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

ገና ነው፣ ይግባኙ ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም የሚለው ይታያል መጀመሪያ። ኅዳር 12። ማደሪያ የላቸውም፣ ጠባሴ የምታውቁት ርካሽ አልጋ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።